ከፍታው ነው ወይስ እርምጃው? ለአረጋውያንና ለወፈሩ ሰዎች በሚመከረው የከፍታ ላይ እንቅስቃሴ ላይ የቀረበ ሒሳዊ ምልከታ

መግቢያ

በዕድሜ የገፉና ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎች በከፍታ ቦታ፣ ወይም ኦክስጅኑ እንዲሳሳ በተደረገ ክፍል ውስጥ፣ እንቅስቃሴ ቢያደርጉ የደም ግፊታቸው እንደሚወርድ፣ የደም ሥሮቻቸው እንደሚለሰልሱና የልባቸው አቅም እንደሚጎለብት የሚገልጹ ጥናቶች ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ታትመዋል። አሳቡ በአገራችን ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። አብዛኞቻችን የምንኖረው በደጋ ነው፤ የረጅም ርቀት ሯጮቻችን የሚሠለጥኑትም በደጋ ነው፤ የተራራ አየር ለጤና ይበጃል የሚለው እምነትም ከሐኪሙ ምክር ቀድሞ በሕዝቡ ዘንድ የሰፈነ ነው። በዚህም የተነሣ ለደም ግፊት ክትትል ወደ ተመላላሽ ክፍል የሚመጡ አባቶችና እናቶች እንጦጦ መውጣት ይሻላቸው እንደሆነ ሲጠይቁን፣ «አዎን፣ ይውጡ» ብሎ መመለስ ቀላል ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መልስ ያቀለሉልንን ጥናቶች መርምሮ ለእኛ ታካሚዎች ምን ያህል እንደሚሠሩ መመዘን ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። ጥናቶቹ በጥንቃቄ ሲነበቡ በእርግጠኝነት የሚመሰክሩት ለእንቅስቃሴው ጥቅም ነው። ከፍታው ጨመረ የተባለው ጥቅም ግን ገና አልጸናም። ቢጸናም እንኳ የተለካው በዝቅተኛ ቦታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እንዳለ ሊተላለፍ አይችልም። ይህን ልዩነት አለመገንዘብ ደግሞ የአሳብ ስሕተት ሆኖ ብቻ አይቀርም፤ ታካሚን ሊጎዳ ይችላል።

ከፍታ በደም ዝውውር ላይ የሚያደርገው

ከፍታ ሲጨምር በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ፣ ማለትም 21 በመቶ የሚሆነው፣ አይለወጥም። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ሲሆን፣ በትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ግፊትም በዚያው መጠን ይወርዳል።

ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው ይህን አየር ሲተነፍስ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። በአንገት ደም ቅዳዎች አጠገብ ያሉት የኦክስጅን መጠን ጠቋሚ ሕዋሳት የሲምፓተቲክ ነርቮችን ያነሣሣሉ፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊትም ወደ ላይ ይገፋል። በአንጻሩ በጡንቻዎች ውስጥ ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮች በናይትሪክ ኦክሳይድና በመሳሰሉት አማካይነት ይሰፋሉ፤ ይህም ግፊቱን ወደ ታች ይስባል። የሳንባ የደም ሥሮች ግን ከሌሎቹ በተለየ ሁኔታ ይጠባሉ፤ በቀኝ የልብ ክፍል ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል። የትኛው ኃይል እንደሚያይል የሚወስኑት የከፍታው መጠን፣ የቆይታው ርዝማኔ፣ የሰውየው ዕድሜና ቀድሞ ያለበት ሕመም ናቸው። የከፍታ እንቅስቃሴን የሚያሞግሱ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚተርኩልን ስለ መስፋቱ ነው፤ ስለ ሌሎቹ ሁለቱ ግን እምብዛም አይናገሩም።

ጥናቶቹ ሲመረመሩ

በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ በጀርመን ከፍተኛ ተራራ በጹግሽፒትሰ፣ 2,650 ሜትር ላይ በሚገኝ የምርምር ጣቢያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ነው። ከመጠን በላይ የወፈሩ 20 ወንዶች ለአንድ ሳምንት በዚያ ቆዩ። ያሻቸውን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደላቸው፤ ከወትሮው የበለጠ እንቅስቃሴም አልታዘዘላቸውም። በመጨረሻ ክብደታቸው ቀንሶ፣ የታችኛው የደም ግፊት ንባባቸውም ወርዶ ተገኘ። ውጤቱ ትኩረትን ይስባል። ይሁን እንጂ ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ከቤቱ፣ ከሥራውና ከለመደው ማእድ ርቆ አንድ ሳምንት ያሳለፈ ሰው በባሕር ዳርቻ ቢሰነብትም ይለወጥ እንደሆነ ከዚህ ማወቅ አይቻልም። ከዚህም በላይ ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ሽንትንም ያበዛል። ስለዚህ ከቀነሰው ክብደት የተወሰነው ውሃ ሊሆን ይችላል።

ማነጻጸሪያ ቡድን ምን ያህል እንደሚጠቅም የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ሥራ ያስተምረናል። ሜታቦሊክ ሲንድሮም የሚባለው የውፍረት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የስብ መዛባት ጥምር የታየባቸው 22 ወንዶች ለሦስት ሳምንት በ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ በመሪ እየታጀቡ የእግር ጉዞ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት የደም ግፊታቸው እንደወረደ አሳየ፤ ብዙዎችም ምስጋናውን ለተራራው ሰጡ። ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ አልረኩም። ተመሳሳይ ሁኔታ ያላቸውን 71 ወንዶች በሁለት ከፍለው ግማሾቹን በ1,700 ሜትር፣ ግማሾቹን በ200 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ዓይነት ጉዞ አስጓዟቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረበው የልብና የደም ዝውውር ውጤት ሁለቱም ቡድኖች እንደተጠቀሙ፣ በመካከላቸውም ለሕክምና ሥራ ትርጉም ያለው ልዩነት እንዳልታየ ይገልጻል። ያዳነው እርምጃው ነበር ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ የመጀመሪያው ውጤት በየጽሑፉ ሲጠቀስ ሁለተኛው በብዛት መዘለሉ ነው።

በተራራ ፋንታ ኦክስጅኑ የተቀነሰ ክፍል የተጠቀሙ ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት 45 የወፈሩ ሰዎች ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንድ ሰዓት ያህል በመሮጫ ማሽን ላይ ተንቀሳቀሱ። የአንደኛው ቡድን አየር 21፣ የሌላኛው 15 በመቶ ኦክስጅን ነበረው። ኦክስጅኑ የተቀነሰበት ቡድን የሠራው ሜካኒካዊ ሥራ አነስተኛ ሆኖ ሳለ፣ በሰውነት ስብና በኢንሱሊን አሠራር መለኪያዎች ላይ የተሻለ ውጤት አሳየ። ከዚህ ውስጥ ልንቀበለው የሚገባ ቁም ነገር አለ። ጉልበቱን የሚያመው ወፍራም ሰው በዝግታ እየተራመደ ልቡን በበቂ ሁኔታ ማሠራት ከቻለ ለመገጣጠሚያዎቹ እፎይታ ነው። ሆኖም የአራት ሳምንት ውጤት የዓመታት በሽታ መድኃኒት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት 32 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለስምንት ወር ተከታትሏል። በረጅሙ ክትትል ኦክስጅኑ በተቀነሰ አየር የተንቀሳቀሱት በተለመደው አየር ከተንቀሳቀሱት የበለጠ ጥቅም አላገኙም። ቶሎ የታየው ልዩነት ሲውል ሲያድር ጠፍቷል።

ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ የሚገናኘው እ.ኤ.አ. በ2019 ከደቡብ ኮርያ የቀረበው ሥራ ነው። ከመጠን በላይ የወፈሩ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ 24 ወንዶች በሁለት ተከፍለው ለ12 ሳምንት ሠለጠኑ። አንደኛው ቡድን የ3,000 ሜትር ከፍታን በሚመስል አየር፣ ሌላው በተለመደው አየር ነበር። አቅራቢዎቹ በጤና መለኪያዎች ላይ የከፍታው ቡድን እንደበለጠ ጽፈዋል። ጥናቱ በዕጣ የተከፈለና በሥርዓት የተመራ መሆኑ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቡድን ያሉት 12 ሰዎች ብቻ ናቸው። በዚህ ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ሰዎች በተለየ ሁኔታ ቢሻሻሉ አማካዩን ይዘውት ይሄዳሉ። ብዙ መለኪያዎች በአንድነት ሲመዘኑ ደግሞ አንዳንዶቹ በአጋጣሚ ብቻ ልዩነት ማሳየታቸው አይቀርም። ሥልጠናው ከተቋረጠ በኋላ ጥቅሙ መዝለቁን፣ የልብ ድካምን፣ ስትሮክን ወይም ሞትን መቀነሱን እንዲህ ያለ አነስተኛና አጭር ጥናት ሊነግረን አይችልም። የደም ሥር መለሳለስ በማሽን ሲለካ መልካም ምልክት ነው፤ ግን ምልክት ነው።

ሌላም ሊዘለል የማይገባው ነገር አለ። የጀርመኑም፣ የኦስትሪያውም፣ የኮርያውም ጥናት ተሳታፊዎች ወንዶች ብቻ ናቸው። በከተሞቻችን በውፍረት ይበልጥ የሚጠቁት ሴቶች ናቸው፤ በተለይም የወር አበባ ካቆመ በኋላ የደም ሥሮቻቸው ጠባይ ይለወጣል። የአንድን ጾታ ውጤት ለሌላው መስጠት በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ማልበስ ነው።

የሕዝብ አኃዞችና ወሰናቸው

ከፍታን የሚደግፉ ጸሐፊዎች ከሚጠቅሷቸው መካከል እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የስዊዘርላንድ ጥናት ዋናው ነው። ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎችን መዝገብ መርምሮ፣ የመኖሪያ ቦታ በየ1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በልብ ደም ቅዳ በሽታ የሚሞተው 22 በመቶ፣ በስትሮክ የሚሞተው 12 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አኃዙ ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚጣልም አይደለም። ነገር ግን በዚያ ጥናት ውስጥ ከፍተኛው መኖሪያ 1,960 ሜትር ነበር። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። በአንድ መሥመር ላይ የተገኘን ዝንባሌ መሥመሩ ካለቀበት ቦታ አልፎ መሳብ በሒሳብም በሕክምናም ያሳስታል። በተጨማሪም እንዲህ ያለው ጥናት ግንኙነትን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ የተራራ ነዋሪ ከሜዳው ነዋሪ በሥራው፣ በአመጋገቡና በሚያገኘው የፀሐይ ብርሃንም ይለያል።

የራሳችንን አኃዝ ስንመለከት ደግሞ ከፍታ ብቻውን ጋሻ እንዳልሆነ እንረዳለን። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የአዲስ አበባ የሕዝብ ጥናት ከ25 እስከ 64 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች 31.5 በመቶ፣ ከሴቶች 28.9 በመቶ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሌሊትና ቀን በ2,300 ሜትር ከፍታ የሚተነፍሱ ናቸው። ከተማው ያመጣው መቀመጥ፣ ጨውና ውፍረት ከደጋው አየር በልጧል።

የማን ከፍታ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ከላይ በተጠቀሰው የክፍል ጥናት የከፍታው ቡድን የተነፈሰው 15 በመቶ ኦክስጅን ነበር። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ሲሰላ በባሕር ጠለል 15.5 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ካለው አየር ጋር ይስተካከላል። በሌላ አነጋገር፣ በውጭ አገር በውድ መሣሪያ የሚዘጋጀው «የሕክምና አየር» ከመርካቶ ወደ ፒያሳ የሚራመድ ሰው በየቀኑ ከሚተነፍሰው አየር ጋር የተቀራረበ ነው። በጥናቶቹ የታየው ለውጥ የመጣው በዝቅተኛ ቦታ የሚኖር ሰው በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ሰውነቱ ያልለመደውን አየር በመቅመሱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የለመደው ሰው እንደዚያ ይለወጣል ለማለት ማስረጃ የለንም።

የደጋ ነዋሪዎቻችን ሰውነት የተለየ መሆኑም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል እና የባልደረቦቿ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢናቸው አማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ነው። በትውልዶች ብዛት የተላመደ ሰውነት ለከፍታ የሚሰጠው ምላሽ ከኦስትሪያው ወይም ከኮርያው ሰው ምላሽ ጋር አንድ ይሆናል ብሎ መነሣት አይገባም።

ከአዲስ አበባ ወደ 3,200 ሜትሩ እንጦጦ የሚወጣ ነዋሪ የሚቀንስበት የአየር ግፊት በከተማው ካለው አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የሚወደድባቸው ምክንያቶች ሌሎች ናቸው፤ ዛፉ፣ ከመኪና ጢስ መራቁና የእግር መንገዱ። እነዚህ በቂ ምክንያቶች ስለሆኑ ኦክስጅኑን መጨመር አያስፈልጋቸውም። ኦክስጅን የሚቀንስ ክፍል ወይም ጭምብል በገንዘብ ገዝቶ ለደጋ ነዋሪ ማቅረብ ደግሞ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ዓይነት ነው። የሯጮቻችን ምሳሌም እዚህ ላይ አይሠራም፤ የበቆጂ ወጣት ያሸነፈው በከፍታው ብቻ አይደለም፤ የ68 ዓመት የደም ግፊት ታካሚም የበቆጂ ወጣት አይደለም።

አደጋው የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ከፍታ የሚያሳስበን ይበልጥ ለነዋሪው ሳይሆን ለመጤው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በአማካይ 68 ዓመት የሆናቸውን 20 አረጋውያን በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ መርምሯል። ይህ ከአዲስ አበባ ጋር የተቀራረበ ከፍታ ነው። በመጀመሪያ ከፍተኛው የመሥራት አቅማቸው በ12 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የሳንባ ደም ቅዳ ግፊታቸው ጨመረ፤ የሲምፓተቲክ ነርቮች ተነሣሡ። ከአምስት ቀን በኋላ ግን አቅማቸው ተመለሰ። ከፔሩ የባሕር ዳርቻ ወደ 3,260 ሜትር በወጡ 100 መጠነኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናትም የ24 ሰዓት የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን፣ መድኃኒት የወሰዱት ግን ዝቅ ያለ ግፊት እንደነበራቸው አሳይቷል። በአልፕስ ተራሮች የእግር ተጓዦች ድንገተኛ የልብ ሞትም ከሚበዛባቸው መካከል እንቅስቃሴ ያልለመዱና የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው በዕድሜ የገፉ ወንዶች ይገኙበታል፤ አደጋውም በቆይታቸው መጀመሪያ ቀናት ይጸናል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ ወይም ከጅዳ ለበዓልና ለሠርግ የሚመጡ አረጋውያን ወገኖቻችን ከባሕር ጠለል አካባቢ ተነሥተው በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይገባሉ። ከጋምቤላና ከድሬዳዋ ለሕክምና የሚመጡትም እንዲሁ። ደጋ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ሰውነታቸው እንደማይረሳ ያምናሉ። ሃያና ሠላሳ ዓመት በዝቅተኛ ቦታ የኖረ፣ የወፈረና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በደረሰ ማግስት ዳገት ቢወጣ ከዚያ የአሜሪካ ጥናት ተሳታፊዎች የተሻለ ዋስትና የለውም። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የመቆራረጥ ችግር ያለበት ወፍራም ሰው ሌሊት የሚያገኘው ኦክስጅን ይበልጥ ይወርዳል። ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ እንደሌላው ሊፈጥን ስለማይችል ድካሙ ይበረታል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስደውም የሰውነቱ ውሃ ቶሎ ሊጎድል ይችላል።

ለታካሚዎቻችን ምን እንበል?

ለደጋ ነዋሪው ምክሩ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎችና ለአረጋውያን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለአረጋውያን ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር ልምምድ ይመክራል። ይህን በሰፈር መንገድ፣ ወደ ገበያና ወደ አምልኮ ቦታ በሚደረግ ጉዞ መፈጸም ይቻላል። ከአሥር ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ መጨመር፣ እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበትን ፍጥነት መምረጥ፣ ከዳገት በፊት ሜዳውን መልመድ ይገባል። እንጦጦ መውጣት ደስ የሚለው ሰው፣ ግፊቱ የተስተካከለና ሜዳው ላይ የማይቸገር ከሆነ ይውጣ። መውጣት የማይችለው ደግሞ የቀረበት መድኃኒት እንዳለ ሊሰማው አይገባም።

ከዝቅተኛ ቦታ ለሚመጣው ሰው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ አምስት ቀናት የዕረፍትና የቀላል እርምጃ ጊዜ ይሁኑ። መድኃኒቱን በጉዞው ምክንያት አያቋርጥ። በደረሰ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የደም ግፊቱን ይለካ። የደረት ሕመም፣ በዕረፍት ጊዜ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከታየበት ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ያልተረጋጋ የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ ከፍተኛ ግፊት፣ የተባባሰ የልብ ድካም፣ የከፋ የልብ ቫልቭ ጉዳት ወይም የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት ላለባቸው የዳገት ጉዞ አይታዘዝም። በእንጨት ጢስ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶችንም ከዚህ ምክር በፊት ትንፋሻቸውን መመርመር ይገባል።

ማጠቃለያ

ከፍታ ምንም ጥቅም የለውም የሚል ክርክር ማንሣቴ አይደለም። በዝቅተኛ ቦታ ለሚኖሩና መገጣጠሚያቸው ለሚታመም ሰዎች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር ረዳት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የሚያስፈልገው የራሳችን ጥናት ነው። በደጋ የሚኖሩ፣ ሴቶችንም ያካተቱ፣ ዕድሜያቸው የገፋና የወፈሩ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን በከተማው፣ ሌላው ከፍ ባለው ቦታ እኩል እንቅስቃሴ አድርገው ቢያንስ ለአንድ ዓመት መከታተል አለባቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሚዛን፣ ሜትርና ታማኝ መዝገብ ነው። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የክትትል ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች ልንጀምረው እንችላለን። እንዲህ ያለ ጥናት ከፍታው ልዩነት እንደሚያመጣ ቢያሳይ ከላይ የያዝሁትን አቋም እለውጣለሁ። እስከዚያው ድረስ በማዘዣው ላይ በእርግጠኝነት ልንጽፈው የምንችለው የእርምጃውን ደቂቃ ነው፤ የሜትሩን ቁጥር ለመጻፍ የሚያበቃ ማስረጃ በእጃችን የለም።